የወቃሪው ጆሮ

ዳኘው ወቃሪው ቀናተኛ ነው ብሎ የሚያማው ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ሚስቱ ገበያ ብትቆይ የት ነበርሽ አይልም። ከጎረቤት ወንድ ጋር ቆማ ስትሳሳቅ ቢያገኛት ሰላምታውን ሰጥቶ ያልፋል። ሰዉም «ምን ያለ ሆደ ሰፊ ነው!» ይለዋል። ሆዱ ሰፊ መሆኑስ እውነት ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ተሸክሞበታል። ያውም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ሰው። ስሙ የሽዋስ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳኘው ሚስት ሠርክአዲስ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የተወለደች የአገው ልጅ ናት። ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ወላጆቿ ለጎረቤት ልጅ አጭተዋት ነበር፤ ለዚሁ ለየሽዋስ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቃል ታስሮ ካበቃ በኋላ የልጁ አባት ሐሳባቸውን ለወጡና ልጃቸውን ባሕር ዳር አጎቱ ዘንድ ለትምህርት ሰደዱት። እጮኝነቱ ፈረሰ። ሠርክአዲስ አደገች፤ ዳኘውን አገባች፤ ፍኖተ ሰላም ገብታ ጎጆ ወጣች። ዳኘው ነገሩን የሰማው ከዘመድ አፍ ነው፤ እሷ ስለዚያ ልጅ አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ዳኘውን የሚያንገበግበው ይኸው ዝምታዋ ነበር። «ረስታው ቢሆን በቀልድ መሃል ታነሳው ነበር፤ ዝም ያለችው ስላልረሳችው ነው» እያለ ከራሱ ጋር ይከራከራል። አንድ ቀን ብታነሳው ኖሮ ደግሞ «ይኸው፣ ከአፏ አልጠፋም» ብሎ ያድር እንደነበር ጥርጥር የለውም። ለቀናተኛ ሰው ምን ተብሎ ይመለስለታል?

እንጀራው ወፍጮ መውቀር ነው። የወፍጮ ድንጋይ ብዙ ሲፈጭ ጥርሱ ያልቅና ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ እህሉን ያግለዋል እንጂ አይፈጨውም። ዳኘው ድንጋዩን አስፈትቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ በመውቀሪያው ከመሃል እስከ ዳር እየነቀሰ ጥርስ ያወጣለታል። ይህንንስ ሌላውም ወቃሪ ያደርገዋል። ዳኘውን ከሌላው የሚለየው ጆሮው ነው። ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ገና ሳይገባ፣ ድንጋዩ ከየት በኩል እንደጎደለ፣ ብሎኑ የላላው በግራ ይሁን በቀኝ፣ የሚፈጨው ጤፍ ይሁን በቆሎ ይነግርሃል። ከሰከላም ከቋሪትም ባለ ወፍጮዎች ስልክ ይደውሉለታል። «ስልኩን ወደ ድንጋዩ አስጠጋልኝ» ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ያዳምጥና «ምንም አልሆነ፣ ቺንጋው ነው የረገበው፣ ወጥረው» ይላል። ባለ ወፍጮው ሄዶ ያያል፤ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ያ የጎማ ቀበቶ እውነትም ረግቧል።

ይህን ጥበቡን ከሁሉ በላይ የምታደንቅለት አንድዬ ልጁ ህይወት ናት። ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወፍጮ ቤት እየመጣች፣ ዱቄት እንደለበሰች ጎኑ ትቀመጥ ነበር። «የኔ አባት ወፍጮ በጆሮው ያክማል» እያለች ለክፍል ጓደኞቿ አውርታ አልጠገበችም። ዳኘው መሬት የለው፣ ቤቱ የኪራይ፣ ወንድሞቹ ከእሱ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ናቸው፤ ልጁ እንደዚያ እስካየችው ድረስ ግን የጎደለው ነገር አልታየውም። አሁን ህይወት ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ። በቅርቡ «አባዬ፣ ድምፅ እኮ ሞገድ ነው፤ በፊዚክስ ተምረነዋል» ብላው፣ «ይሁና» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዱ ውስጥ አንድ ፍርሃት ገብቷል። ልጅቱ አንድ ቀን ከፍ ብላ ቁልቁል እንዳታየው ይፈራል።

ቡሬ ከተማ ዳር የነበረ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ታድሶ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም ሆነ ተባለ። ህይወት ወሬውን ከትምህርት ቤት ይዛ መጥታ የቤቱን ሰው አላስቀምጥ አለች። ሠርክአዲስም «እስኪ እኛም እንደ ሰው አንድ ቀን እንዝናና» አለች። እናቷ እማማ አልጣሽ ለጥየቃ መጥተው ስለነበር፣ ቅዳሜ ዕለት አራቱም አብረው ሊሄዱ ተቆረጠ።

ጠዋት ቁርስ ላይ እማማ አልጣሽ፣ ዳቦውን በሻይ እያራሱ፣ ነገሩን እንደዋዛ ጣል አደረጉት።

«አስጎብኚው የእኛው የሽዋስ ነው አሉ እኮ። ተምሮ ተምሮ ትልቅ ሰው ሆኖ ተመለሰ። አባቱ ይህን ሳያዩ ሞቱ እንጂ።»

ዳኘው የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ዓይኑን ወደ ሚስቱ ወረወረ። ሠርክአዲስ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ሲኒውን እስከ አፉ ሞላችው፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም።

«ማን የሽዋስ?» አለ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ያ ነዋ፣ በልጅነታችን...» አለች ሠርክአዲስ። «ስኳር ይጨመርልህ?»

አሞኛል ብሎ መቅረት ይችል ነበር። ግን ሃያ ዓመት የጠላውን ሰው መልኩን ሳያይ እንዴት ይቀራል? ተነሥቶ ገባና ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ ወጣ። ህይወት በሳቅ ሞተች። «አባዬ፣ ልትሞሸር ነው እንዴ?» አለችው። እሱ አልሳቀም።

ሚኒባሱ ቡሬ እስኪደርስ ድረስ ዳኘው የሽዋስን በልቡ ሲሥለው ቆየ። ረጅም፣ ደረቱ የሰፋ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ሲራመድ መሬት የሚንቅ ሰው። ስንቱን ዓመት እንዲህ አድርጎ ስለሣለው ቢያገኘው ከሩቅ የሚለየው ይመስለው ነበር። ሙዚየሙ በር ላይ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ሲቀበላቸው ግን ዳኘው በትከሻው ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው ፈለገ። ምክንያቱም ይኸኛው አጭር፣ ራሰ በራ፣ ቦርጩ ጋወኑን ገፍቶ ቁልፉን ያስጨነቀ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ ሰውዬ ነበር።

«ሠርኬ!» አለ ሰውየው።

ሠርኬ። ዳኘው እንኳ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ከዚያ ሰውየው ጎንበስ ብሎ የእማማ አልጣሽን ጉልበት ሊስም ሲል እሳቸው ትከሻውን ይዘው አቀኑት፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። ዳኘው አገውኛ አይሰማም። ሃያ ዓመት ከአገው ልጅ ጋር ኖሮ ከሰላምታ አላለፈም፤ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሚስቱ አማርኛውን እንደ ውኃ ስለምትጠጣው አስፈልጎት አያውቅም። አሁን አስፈለገው። ሰውየው አንድ ነገር አለ፤ ሠርክአዲስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከልቧ ሳቀች። እማማ አልጣሽ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። አያቷ ቋንቋውን ያስተማሯት ህይወትም ሳቀች። ዳኘው ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ መሃላቸው ቆሞ ጥርሱን አሳየ። ሰውየው መልከ መልካም ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ምክንያቱን ያውቀዋል።

«ምን አለሽ?» ብሎ ሚስቱን ጎኗን ነካ አደረጋት።

«ልጅ ሳለን ዶሮ አባሮት ዛፍ ላይ ወጥቶ ያለቀሰውን ነው ያስታወሰኝ» አለች፣ ገና ሳቋ ሳይለቃት።

ዶሮ! ዳኘው ዶሮውንም ጠላው።

ጉብኝቱ ተጀመረ። የሽዋስ ደግ ሰው መሆኑ ነገሩን ሁሉ አባሰው። እማማ አልጣሽ እንዳይደክማቸው ወንበር ያስመጣላቸዋል። ሕፃን የያዘች እናት ስትመጣ ቦታ ያስለቅቅላታል። ዘይት የሚጨምቀውን ማሽን፣ በውኃ ኃይል መብራት የሚያበራውን ትንሿን ግድብ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል ያስረዳል። አንዲት የብረት ኳስ ነበረች፤ እጅ ሲያሳርፉባት ጸጉር ታቆማለች። ህይወት እጇን ስታሳርፍ ሹሩባው የተፈታው ጸጉሯ ሁሉ ወደ ላይ ተነሣ። እማማ አልጣሽ ሦስት ጊዜ አማተቡ። «ልጄን ምን አደረጋችኋት?» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ የሽዋስ ግን ጎንበስ ብሎ በአገውኛ አስረዳቸውና እሳቸውም እጃቸውን አሳረፉ። ሻሻቸው ብቻ ትንሽ ከፍ አለ።

ዳኘው ሚስቱን በዓይኑ ሲጠብቃት ነበር። የየሽዋስን ፊት ስንት ጊዜ እንዳየች፣ ሲናገር ጠጋ ማለት አለማለቷን ሲቆጣጠር ቆየ። ሠርክአዲስ ግን ግማሹን ጊዜ ስለ ጫማዋ ስታማርር፣ ግማሹን ከአንዲት የድሮ ጎረቤቷ ጋር ስለ ሽንኩርት ስታወራ አሳለፈችው። ልቡ መለስ ሊልለት ሲል ነው ሌላውን ያየው።

ህይወት ከየሽዋስ ጎን አልተለየችም። ትጠይቃለች። እሱ ይመልሳል። ትጠይቃለች። እሱ ቆም ይልና «ይኸን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቆይ እስኪ ላስብበት» ይላታል። ፊቷ ያበራል። ዳኘው ያን ፊት ያውቀዋል። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እስትንፋሷን ዋጥ አድርጋ፣ ወፍጮው ምን እንደሆነ እስኪነግራት ስትጠብቅ የነበረው ፊት ነው። የእሱ ነበር። አሁን ለዚህ ራሰ በራ ሰውዬ ሰጥታዋለች።

«ይህች ልጅ መሐንዲስ ናት» አለ የሽዋስ ወደ ዳኘው ዞሮ። «ይባረኩ አቶ ዳኘው። አደራ ዩኒቨርሲቲ ትግባ።»

«ይመስገነው» አለ ዳኘው፣ ጥርሱን ነክሶ። ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ ደግሞ ይኸ ሰው ሊያስተምረው ነው? ሃያ ዓመት በሚስቱ ሲጠረጥረው የኖረው ሰው፣ ሚስቱን ትቶ ልጁን ወሰደበት። ያኔ የተሰማው ነገር ከቀድሞው ቅናት ሁሉ የከፋ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ወፍጮዋ ደረሱ። ሙዚየሙ የሚኮራባት እሷ ናት፤ ከአንድ ገጠር ወና ወፍጮ ቤት ተገዝታ፣ ዝገቷ ተፍቆ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ፣ በናፍጣ ሞተሯ ፈንታ የኤሌክትሪክ ሞተር ተገጥሞላት፣ ጎብኚ ፊት ትፈጫለች። ጎብኚው አሠራሯን በደንብ እንዲያይ ተብሎ የቺንጋው መከለያ ተነሥቷል። ሠላሳ የሚሆን ሰው ከበባት። የሽዋስ ማብሪያውን ተጫነ።

ዳኘው ሳያስበው ዓይኑን ጨፈነ። ድንጋዮቹ ጥሩ ናቸው፤ የወቀራቸው ሰው እጁ ከባድ ነው እንጂ ሥራውን ያውቃል። ሞተሩም ደኅና ነው። ከሥር ግን፣ ከሁሉም ድምፅ በታች፣ ሲር የሚል ደረቅ ፉጨት አለ። ኩሽኔታው ነው፤ ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው፣ በውስጡ ትንንሽ የብረት ኳሶች የሚሽከረከሩበት ቀለበት። ግራሶው፣ የሚያለሰልሰው ቅባት፣ አልቋል። ብረት ብረትን እየበላ ነው። ባዶዋን ስትዞር ጥቂት ትቆይ ይሆናል፤ እህል ሲገባባት ግን ዘንጉ ይነክሳል፣ ሞተሩ አልለቅም ይላል፣ መሃል ላይ ያለው ቺንጋ ይበጠሳል። መከለያ የለውም። ዳኘው ይህን ሁሉ ያወቀው ሰው ሦስት ጊዜ በሚተነፍስበት ጊዜ ውስጥ ነው።

«እህሉን የሚጨምርልኝ ማን ነው?» አለ የሽዋስ።

«እኔ!» አለች ህይወት፤ የበቆሎውን ቁና ተቀብላ ከወፍጮዋ አፍ ጎን፣ ልክ ከቺንጋው ፊት ለፊት ቆመች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ፣ ዓይኗ እያበራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። «የኔ አባት እኮ ወፍጮ ምን እንደሆነ በድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው! ከሰከላ ድረስ በስልክ እየደወሉ ያሰሙታል!»

ከኋላ የቆሙ የከተማ ጎረምሶች ተንጫጩ። «ፋዘር በቴሌግራም ክሊኒክ ይክፈቱ!» አለ አንዱ። «ኤክስሬይም ያነሣሉ?» አለ ሌላው። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የሽዋስም ፈገግ አለ። ዳኘው ያየው የእሱን ፈገግታ ብቻ ነው።

የሽዋስ እጁን አንሥቶ ጎረምሶቹን ዝም አሰኘ። «የምን ሳቅ ነው? እውነቷን ነው፤ የድሮ ወቃሪዎች ጆሮ ከመሣሪያ ይበልጣል» አለ። ወደ ዳኘውም ዞረ። «አቶ ዳኘው፣ እስኪ ይስሙልን። ምን ትላለች? ደኅና ናት?»

ከልቡ ነበር የጠየቀው። ዳኘው ይህን አውቋል፤ በኋላም ለራሱ እንኳ ሊክደው አልቻለም።

መናገር ቀላል ነበር። «አጥፋት፣ ኩሽኔታው ደርቋል» ቢል ጎረምሶቹ አፋቸውን ይዘጉ ነበር፤ ልጁ ትኮራበት ነበር፤ ሠርክአዲስ ቀና ብላ ታየው ነበር። ግን ቅናት እንዲህ አያሰላም። ቢናገር የሽዋስ ያጠፋታል፣ ያያታል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ በትሕትናውም ይመሰገናል። ዳኘው የፈለገው መመስገን አልነበረም። ያ ሰው ሠርኬ ባላት ሴት ፊት፣ መሐንዲስ ባላት ልጅ ፊት፣ በነጭ ጋወኑ ቆሞ ሲያፍር ማየት ፈለገ። ወፍጮዋ ጢስ ታውጣ፣ ትቁም፣ ሰው ይሳቅበት። ከዚያ የከፋ ነገር እንዲመጣ አልተመኘም።

«ደኅና ነች» አለ።

«አያችሁ!» አለች ህይወት ለጎረምሶቹ።

ቁናውን ልታዘነብል ስትል ዳኘው ጮኸ። «ህይወት! ነይ ወዲህ!»

«ምነው አባዬ?»

«ነይ ብያለሁ! ቁናውን አስቀምጪና ነይ!»

ህይወት ፊቷ ቀላ። ሰው ፊት እንደ ሕፃን ሲጠራት አፈረች፤ ግን አባቷ ነውና ቁናውን ለየሽዋስ ሰጥታ መጣች። ዳኘው ክንዷን ይዞ ከኋላው አቆማት። የሽዋስ «እንግዲህ እኔው ልጨምረዋ» ብሎ ሳቀና እሷ በቆመችበት ቦታ ላይ ቆሞ በቆሎውን አዘነበለ።

ወፍጮዋ አንድ ጊዜ ጮኸች። ከዚያ ቺንጋው ተበጠሰ። ሰው ቺንጋውን አላየውም፤ ድምፁን ነው የሰማው። የሽዋስ ቁናውን ለቆ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ይዟል፤ ክንዱ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ላይ ታጥፏል። በቆሎው ወለሉ ላይ ተበትኖ ሰዉ እየረገጠው ተራወጠ። አንዱ ሞተሩን አጠፋ።

እማማ አልጣሽ እልል አሉ። «እመቤቴ ናት! ልጄን ከሞት ያወጣቻት እመቤቴ ማርያም ናት! አባቷን ያናገረችው እሷ ናት!» እያሉ መሬቱን ሳሙ። ከዚያ የየሽዋስን ክንድ ሲያዩ እልልታው ወደ ዋይታ ተለወጠ። ሰዉም «እውነትም ተአምር ነው» እያለ ህይወትን ያገላብጣት ጀመር። ሠርክአዲስ ብቻ ወደ ልጅቱም ወደ የሽዋስም አላየችም። ባሏን ነበር የምታየው። ሃያ ዓመት ወፍጮ ሲያዳምጥ ዓይኑን እንዴት እንደሚጨፍን ታውቃለች፤ ዛሬም ሲጨፍን አይታዋለች።

«ፋዘር፣ ደኅና ነች አላሉም ነበር እንዴ?» አለ ከጎረምሶቹ አንዱ።

ህይወት እንደ ነብር ዞረችበት። «ጫጫታ ነበር እኮ! እናንተ እየሳቃችሁ በየት በኩል ይስማ?»

የሽዋስ ላብ አጥምቆት፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ከመሬት ቀና ብሎ ዳኘውን አየው። «አይዞዎት አቶ ዳኘው» አለ። «የእኔ ጥፋት ነው፤ መፈተሽ ነበረብኝ። በዚህ ጫጫታ መሃል ማንም ይሳሳታል።»

ተሸክመው መኪና ላይ ካወጡት አንዱ ዳኘው ነበር። ጤና ጣቢያ አጥንቱ መሰበሩን አረጋግጠው ጀሶ ሲያስሩለት አራቱም በር ላይ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ተሰናብተው ወደ ፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ገቡ።

ህይወት ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ጥቂት እንደሄዱ እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ አትዘን» አለችው በለሆሳስ። «ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቀጭን ድምፅ መስማት ይቀንሳል። ተፈጥሮ ነው፤ ተምረነዋል። አያሳፍርም።»

ዳኘው ወደ መስኮቱ ዞረ። በቆሎው ማሳ ግራና ቀኝ ያልፋል። ልጁ አዘነችለት። ሲፈራ የኖረው ነገር ይኸው መጣ፤ ቁልቁል አየችው፤ ያውም በፍቅር። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ተአምር ተብሏል፤ እማማ አልጣሽ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ለማርያም ሊያስገቡ ስላሰቡት ስለት እያወሩ ነው። ግን ያች እጅ፣ እንደ ሕመምተኛ እጁን የምታሻሸው እጅ፣ አቃጠለችው። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ንስሐ አስገድዶት ቢሆን ኖሮ ደስ ይል ነበር። አልነበረም። ኩራቱ ነው የተናገረው።

«ሰምቼዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ኩሽኔታውን። ገና እንዳበራት። ግራሶ አልነበረውም። ጆሮዬ ምንም አልሆነም።»

ህይወት እጁን ገና አልለቀቀችም። ዳኘው ፊቷ ሲለዋወጥ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አየው።

«እሱ ሲጠይቅህ... ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔን የጠራኸኝ ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው። ልጄ አይደለሽ እንዴ?»

«እና እሱስ?» አለች።

ሃያ ዓመቱን፣ ሠርኬን፣ ዶሮውን፣ አገውኛውን፣ ያን የሚያበራ ፊቷን እንዴት አድርጎ ይንገራት? ህይወት እጇን ከእጁ ላይ አነሣች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። «እኔ እኮ ሳቁብህ ብዬ ነበር የተናደድኩት» አለች። ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ተነሥታ ከአያቷ ጎን ሄዳ ተቀመጠች።

ከኋላ ወንበር ሠርክአዲስ ጠጋ ብላ በጆሮው ተናገረች። «የኔ ነገር ነው አይደል ያናደደህ? ሃያ ዓመት ዝም ያልኩት የሚወራ ነገር ስላልነበረው ነው። ልጆች ነበርን። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።» ከዚያ ወዲያ ያንን ነገር አላነሣችበትም።

ሳምንቱን ሙሉ በቤቱ ውስጥ የተጣላ ሰው አልነበረም። ህይወት ቁርሱን ታቀርብለታለች፤ «እሽ አባዬ» ትላለች፤ ትምህርቷን ታጠናለች። ዳኘው ሁለት ጊዜ ለየሽዋስ ደወለ። መጀመሪያ ቀን ጤንነቱን ብቻ ጠይቆ ዘጋ። በሁለተኛው ሊነግረው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሰውየው ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ልጅቱን እንገድላት ነበር» ሲለው «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ህይወት ለባብሳ ወጣች። ብርቱካን በፌስታል ይዛለች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ቡሬ። ጋሽ የሽዋስን ልጠይቅ።»

ዳኘው ደጁ ላይ ቆሞ ኮቴን ልፈልግ አልፈልግ እያለ አመነታ። አብሬሽ ልምጣ ሊል ፈልጎ አፈረ።

«አትድከሚ» አላት በመጨረሻ። «ትናንት ደውዬለት ነበር። ደኅና ነው።»

ህይወት ፌስታሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይችለው ነበር።

«ደኅና መሆኑንማ በዓይኔ አይቼ ልምጣ አባዬ» አለችና ወደ መናኸሪያው ሄደች።